የቤቴልን ዋይፋይ በካርታ ስለ ማስፈር

ቤቴል ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሰው በዐይኑ የሚያየው የቆርቆሮ አጥርና ፎቅ ቤት ነው፤ በኪሱ ያለው ስልክ ግን ሌላ ነገር ያያል። እኛ ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ የሚያየውን በካርታ ለማስፈር ተነሣን። የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን በሥራችን ገቡብን ብለው እንዳይቀየሙን አደራ እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አሠራሩን እንግለጽ። ዋይፋይ የሚያሠራጨው ራውተር፣ የሚጠቀምበት ሰው ኖረም አልኖረም፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል «እዚህ አለሁ» እያለ ይጣራል። በዚያች አጭር ጥሪ ውስጥ ባለቤቱ ያወጣለት ስም፣ ፋብሪካው የሰጠው መለያ ቁጥር፣ የሚሠራበት መስመርና የቁልፉ ዐይነት ይነገራል። ይህን ለመስማት የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ዊግል የተባለው የአንድሮይድ ፕሮግራም ጥሪውን እየሰማ፣ ስልኩ ከሳተላይት ካገኘው ቦታ ጋር አጣምሮ ይመዘግባል። ዊግል እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኞች ከዓለም ዙሪያ የሚልኩለትን አከማችቶ ለሕዝብ ያሳያል።

መጀመሪያ ያሳቀን ነገር፣ ካርታው አንዱን ራውተር ከአስፋልቱ መካከል ላይ ማስቀመጡ ነው። ስሕተቱ የእኛው ነበር። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ራውተሩ ያለበትን ሳይሆን እኛ ቆመን የሰማንበትን ቦታ ነው፤ በአንድ መንገድ ብቻ ስለ ተመላለስን ግምቱ ወደ መንገዱ ተሳበ። በጓሮ በኩል ዞረን ስንመጣ ነጥቡ ወደ ግቢው ገባ። የጥሪው ብርታት በዴሲቤል ይለካል፤ ከ−50 ወደ −60 ሲወርድ ኀይሉ ዐሥር እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ማዕበሉን ስለሚመልሰው፣ ከአጥር ጀርባ ያለው የቅርብ ጎረቤት ከሩቁ ፎቅ ይልቅ ደክሞ ይሰማል።

በመካከሉ መብራት ጠፋ። ዝርዝሩም ወዲያው ተመናመነ፤ የቀሩት ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ያላቸውና ከስልክ የሚሠራጩት ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዲህ የዋይፋይ ካርታ የመብራትም ካርታ ነው።

በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንባቢያን አንድ ጥቅም እንጠቁማለን። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ራውተሮች ተራ ይጠባበቃሉ፤ በ3 ላይ የተቀመጠ ግን 1ንም 6ንም ይረብሻል። ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ ብላችሁ ድርጅቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁ በየትኛው መስመር እንደ ተጨናነቁ እዩ።

ጭቅጭቁ የተነሣው መዝገቡን ወደ ዊግል እንላክ ወይስ አንላክ በሚለው ነው። አንደኛው ወገን «ከመንገድ የሚሰማ ሁሉ የሕዝብ ነው» አለ። ሌላው ግን መስማትና ከነቀኑ፣ ከነቦታው መጻፍ ለየቅል ናቸው ብሎ ተቃወመ። እኛም አስበን ሁለተኛውን ወገን ደገፍን። አንድ ቤተሰብ ራውተሩን ይዞ ከቤቴል ሌላ ሠፈር ቢገባ መለያ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው አዲሱን ቤት ከመዝገቡ ሊያገኘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጎግል የመንገድ ፎቶ አንሺ መኪናዎች ከስምና ከቁጥር ዐልፈው፣ ካልተቆለፉ ዋይፋዮች የሰዎችን መልእክት ቁርጥራጭ ጭምር መሰብሰባቸው ተገልጦ ብዙ አገሮች ተቈጥተው ነበር። ዊግል የሚመዘግበው ጥሪውን እንጂ መልእክቱን አይደለም፤ ሆኖም ጥሪውም ቢሆን ብዙ ይናገራል።

ለዚህ ምስክራችን የባልንጀራችን ቤት ነው። የዋይፋያቸው ስም የታናሽ እኅቱ ስምና የቤቱ ቁጥር ነበር። ለእናቱ በካርታው ላይ ብናሳያቸው፣ «ታዲያ ስሙን ያወጣኸው አንተው አይደለህ?» አሉት። በዚያው ምሽት ቀየረው። መዝገቡም እስካሁን ሳይላክ በአንዳችን ስልክ ውስጥ አለ።