ሳይቃጠል በቅጠል፤ በምዕራብ ጎጃም የሱቅ፥ የመጋዘንና የመኖሪያ ቤት አጠባበቅ

ነጋዴ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ዕቃውን ይመዝናል፤ የሰጠውንና የተቀበለውን በመዝገብ ያሰፍራል። ይህን ሁሉ ሀብት ከፀሐይና ከዝናብ የሚጋርደውን ጣሪያ ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቶ የሚመረምር ባለቤት ጥቂት ነው። ጣሪያው እስኪያፈስስ፥ ግድግዳው እስኪዘም፥ የመብራቱም ሽቦ እስኪጨስ ድረስ ቤት እንክብካቤ የማይሻ ነገር ይመስላል። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ «ደግነቱ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ብሎ ይጽናናል። ይህ መጽናኛ ግን ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። ኢንሹራንስ የሚክሰው ድንገት የደረሰውን አደጋ ነው እንጂ በቸልተኝነት ቀስ በቀስ የመጣውን ጥፋት አይደለምና።

ኢንሹራንስ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ይሰጥ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ኢምፔሪያል የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ በመንግሥት ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ሲሠራ ከቆየ በኋላ፥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደገና ሥራ ጀመሩ። ውሉ የሚገዛበት ሕግ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ሲሆን፥ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል ሳይሻር ቀርቷል። የዚህ ሕግ መሠረተ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፥ የንብረት ኢንሹራንስ ካሳ ነው እንጂ ማትረፊያ አይደለም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አያልፍም። የዛገ ቆርቆሮና የነቀዘ በቆሎ አስቀድሞ ዋጋውን ያጣ ስለ ሆነ፥ ካሳውም በዚያው ልክ ያንሳል።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የተጓዘ ሰው የሚያየው የቤት አሠራር ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፥ ግድግዳው ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በዋናው ጐዳና ዳር የብሎኬት ቤትና ፎቅ እየበዛ ቢሄድም፥ ከበስተጀርባ ያለው መጋዘንና ማድ ቤት ብዙውን ጊዜ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም። ከላይ ጣሪያው ካላፈሰሰ፥ ከታችም እርጥበት ካልነካው፥ የጭቃ ግድግዳ ለብዙ ዘመን ይቆማል። ጠላቶቹ ግን አራት ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፥ ምስጥ፥ እሳትና የባለቤቱ ዝንጋታ ናቸው።

የውሃን ኀይል ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፥ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ 3,000 ሊትር፥ ማለት 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 15 በርሜል ይሆናል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ በግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚፈናጠረውም ጭቃ ምርጊቱን እየላጠ ቋሚውን ያራቁታል። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር ማጽዳት፥ የተበሳውን መድፈን፥ ውሃው የሚወርድበትንም ቦይ ከቤቱ ርቆ እንዲፈስስ አድርጎ መቅደድ ያስፈልጋል። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳያመራም መጠንቀቅ ይገባል፤ ውሃን ወደ ጎረቤት መላክ አደጋን ማራቅ ሳይሆን ጠብን መጥራት ነው።

የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ጎማው ያለቀ ወይም የላላ ሚስማር ሲገኝ ወዲያው መለወጥ ይገባል፤ ምክንያቱም በአንድ ቀዳዳ የሚገባው ጠብታ ማገሩን አበስብሶ፥ ከሥሩ የተደረደረውንም ጆንያ ሊያሻግት ይችላል። የላላ ቆርቆሮ ደግሞ ነፋስ ሲገባበት ሌላውን ይዞ ይነሣል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን በቀትር በጨለማው መጋዘን ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ቀዳዳውን ሁሉ በብርሃኑ ይለያል፤ በጠመኔም ምልክት አድርጎ ሰማዩ ሲጠራ ያስጠግናል።

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ በጭቃ በሠራው ቀጭን መሿለኪያ ወደ እንጨቱ ይወጣል፤ ከውጭ ሲታይ ደኅና የሚመስለውንም ምሰሶ ከውስጥ ባዶ ያደርገዋል። መከላከያው እምብዛም ወጪ የለውም። ቤቱ ሲሠራ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ማድረግ፥ መሬት የሚገባውንም የቋሚ ጫፍ በሬንጅ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን ዋናው ነገር ዐይን ነው። ጆንያ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲከመር የምስጡ መንገድ አይታይም፤ እርጥበቱም ወደ እህሉ ይተላለፋል። በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ተርቆ የተከመረ ዕቃ ግን ዙሪያውን ለመመርመር ያመቻል። በምስጥ፥ በዝገት፥ በሻጋታና በእርጅና የደረሰ ጉዳት በተለመደው የኢንሹራንስ ውል የማይሸፈን ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ ባለቤቱ ከራሱ ትጋት በቀር ዋስ የለውም።

የእህልና የበርበሬ ነጋዴ ከዚህ በላይ የሚጠነቀቀው ነገር አለ። ከወምበርማ፥ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚመጣው በቆሎ በሚገባ ሳይደርቅ ቢከመር ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ ይነቅዛል። በቆሎ ለረዥም ጊዜ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከመቶ 13 ገደማ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፤ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ቢነቀንቀውና ጨው በጠርሙሱ ላይ ቢለጠፍ፥ እህሉ ገና እርጥብ ነው። የእሳት ኢንሹራንስ ውል በተለምዶ ዕቃው በራሱ መብላላትና መሞቅ ያጠፋውን ጥፋት ከካሳ ውጪ ያደርጋል። የነቀዝ ማጥፊያ ጽላትም ቢሆን በጥንቃቄ ይያዝ። ጽላቱ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ውሃ ቢፈስበት ደግሞ ራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ቤት ወይም ከመኝታ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰን መጋዘን ውስጥ ከቶ ሊቀመጥ አይገባውም።

ሦስተኛው ጠላት እሳት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ሸማ ተራ በተባለው ስፍራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል፤ የቦታውም መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አስቸግሮ ነበር። ከዋና ከተማው ይልቅ የውሃና የመኪና ርዳታ በሚርቅበት በገጠር ከተማ፥ በእንጨት ተሠርተው እርስ በርስ የተደጋገፉ ሱቆች አንዱ ቢነድ ሌላው እንደማይተርፍ ግልጽ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 ለንደን ስትቃጠል ከ13,000 የሚበልጡ ቤቶች ወድመው ነበር፤ በዚያች ከተማ የእሳት ኢንሹራንስ የተጀመረው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹም ኩባንያዎች ካሳ በመክፈል ብቻ አልተወሰኑም፤ የራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጥረው ያሰማሩ ነበር። ካሳ ከፋዩ እንኳ ማጥፋቱ ከመክፈል እንደሚረክስ ያውቅ ነበርና።

በሱቅና በመጋዘን እሳት ከሚያስነሡት ምክንያቶች ብዙዎቹ የታወቁ ናቸው። የተቃጠለውን ባልቦላ በወፍራም ሽቦ መተካት፥ ባልቦላው የሚጠብቀውን መስመር ያለ ዘብ መተው ነው። በአንድ ሶኬት ላይ ብዙ መሣሪያ መሰካት ሽቦውን ያግለዋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ማሽኑን ሳያጠፉ መሄድ፥ ኃይሉ በድንገት ሲመለስ መሣሪያውን ለጉዳት ይዳርገዋል። ጀነሬተር እየሠራ ወይም ገና እንደ ጋለ ቤንዚን መጨመር፥ ቤንዚኑንም ከሸቀጥ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ድፍረት ነው። የጭድ ክምር ከማድ ቤት መራቅ አለበት። ማታ ሲዘጋ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት፥ በየሱቁ ደጃፍ አሸዋና ውሃ ማኖር፥ የእሳት ማጥፊያውንም ግፊት በየጊዜው ማየት ይበጃል። የኤሌክትሪክና የዘይት እሳት ግን በውሃ አይጠፋም፤ ይህን የሱቁ ሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

አራተኛውና የመጨረሻው ጠላት ዝንጋታ ነው፤ ይህም በግድግዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀቱም ላይ ይደርሳል። ለምሳሌ ያህል፥ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሸቀጥ ያለው ነጋዴ አረቦን ለመቆጠብ ሲል ንብረቱን በ1,000,000 ብር ብቻ አስመዘገበ እንበል። እሳት ተነሥቶ የ400,000 ብር ዕቃ ቢያጠፋበት፥ ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል። ነገር ግን በእሳት ኢንሹራንስ ውል በተለመደው ደንብ መሠረት ንብረቱን የሸፈነው በግማሽ ስለ ሆነ፥ የሚከፈለው ካሳም በግማሽ፥ ማለት 200,000 ብር ይሆናል። ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ዘመን ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ግምት ዛሬ እንደማይበቃ ማንም ነጋዴ ከራሱ የግዢ ደረሰኝ ሊረዳው ይችላል።

እንዲሁም በሱቁ ጐን ዳቦ ቤት የከፈተ ወይም በመጋዘኑ ነዳጅ ማስቀመጥ የጀመረ ሰው አደጋውን ያበዛ ስለ ሆነ ለኩባንያው ማስታወቅ አለበት። አደጋ ሲደርስም ሕጉ በአምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅን ያዝዛል፤ ስለዚህ «ነገሩ ሲረጋጋ» እያሉ መቆየት መብትን ሊጎዳ ይችላል። ጦርነትና የሕዝብ ሁከት ያደረሱት ጥፋት በተለየ ስምምነት ካልተጨመረ በስተቀር እንደማይካስ መታወስ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ተስፋፍቶ በቆየበት ሁኔታ፥ ይህን አንቀጽ ሳያነብቡ ውል መፈረም ታላቅ ስሕተት ነው። በእሳት ጊዜ የተሰረቀ ዕቃም በእሳቱ ውል ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ የስርቆቱ ውል ደግሞ ሌባው ሰብሮ ለመግባቱ ማስረጃ ይጠይቃል። የዕቃው ዝርዝር፥ ደረሰኙና የውሉ ግልባጭ በዚያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጡ ግን ከሱቁ ጋር አብረው ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ በሌላ ቤት ማኖር ይገባል።

ይህ ሁሉ ሥራ በዓመቱ ወራት ሲከፋፈል ከባድ አይሆንም። መስከረምና ጥቅምት ክረምቱ ያደረሰውን የሚመረምሩበት ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት መጋዘን የሚጠረግበትና ስንጥቁ የሚመረግበት ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ደረቁ ነፋስ ስለሚበረታ ሽቦውና ማድ ቤቱ ይታያሉ። ግንቦት የጣሪያ፥ የአሸንዳና የቦይ ወር ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ጆንያው ይዳሰሳል፤ ማገሩም ይታያል። የውሉ ግምት ደግሞ የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ጊዜ አብሮ ቢታረም የሚረሳ አይሆንም።

በአንድ ረድፍ የሚነግዱ ባለሱቆች ቢተባበሩ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ይቀላል። የጋራ ቦይ በጋራ ይቀደዳል፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአንድ ቀን ዐሥር ሱቅ ሊያይ ይችላል፤ የእሳት ማጥፊያና የሌሊት ዘበኛም በመዋጮ ይገኛል። አንዱ ባለሱቅ ቢጠነቀቅና ጎረቤቱ ቢዘናጋ፥ እሳቱ የሁለቱን ግድግዳ ለይቶ አያውቅም። ሚስማር፥ አንድ ጣሳ ሬንጅና የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ በመዝገቡ ላይ እንደ ወጪ ቢጻፍም፥ ባለቤቱ ግን ከአረቦኑ ጐን ቢያሰፍረው ይሻለዋል፤ ሁለቱም ለአንድ ንብረት መጠበቂያ የሚከፈሉ ናቸውና። ክረምት በየዓመቱ ቀጠሮውን አክብሮ ይመጣል። አስተዋይ ነጋዴም በመሰላሉ ላይ ወጥቶ መዶሻውን የሚያነሣው ደመናው ሳይጠቁር ነው።