የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለክረምት ሲመጣ ምን ይጠየቅ?

ሐምሌ ሲገባ አውቶቡሱ ሻንጣ የያዘ ወጣት ከመንገድ ዳር አውርዶ ያልፋል። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰ የገበሬ ልጅ ነው። እናት ዶሮ ታርዳለች፤ ጎረቤት ለቡና ይጠራል። በማግሥቱ ግን አባት ልጁን ወደ ማሳ ይዞት ይወርድና ቢጫ የመሰለውን ገብስ እያሳየ «እስቲ እየው፤ ምን ነካብን?» ይለዋል።

ይህ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ለእኔም ቀርቦልኛል። አገራችን የጎጃም ደጋ፣ አዊ ነው። በዚያ ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክና ጂኦግራፊ ነበር፤ ስለ ገብስ አንዲት ቃል አልሰማሁም። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ። «ዩሪያ ይጨመርበት» አልኩ። አባቴም የተማረ ሰው ቃል ነው ብሎ በግ ሸጦ ዩሪያ ገዛ። ገብሱ አልተሻለውም። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ነገር ግን እስክሄድ ድረስ ስለ ማሳው ዳግመኛ አላነሣልኝም።

ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ መሬቱ ኮምጣጣ ይሆናል። በኮምጣጣ አፈር አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳዋል፤ ፎስፎረሱም ተይዞ ለተክሉ አይደርሰውም። ዩሪያ በጊዜ ብዛት ኮምጣጣነቱን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ እህል እንቢ ያለውን ማሳ ለከሰል በሚሆን የዲከረንስ ዛፍ የሸፈነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። እርሱም መጠኑ በአፈር ምርመራ ታውቆ፣ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ስለዚህ በሐምሌ ማሳ ላይ ቆሞ የሚሰጥ መልስ፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ለዚያ ዓመት አዝመራ አይደርስም።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዚህ ልጅ ያልተማረውን ሙያ ከመጠየቅ ይልቅ ያለውን ብዕርና ጊዜ ቢጠይቁት ይበጃል። የቱ ማሳ ስንት ዓመት ቢጫ ሆነ? ምን ተዘራበት? ምን ማዳበሪያ ገባበት? ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ የጻፈው ግን የለም። ተማሪው በሁለቱ ወር ቤት ለቤት ዞሮ ይመዝግበው። እግረ መንገዱንም በመንደር ለሚቀሩ ሁለት ሦስት ወጣቶች የአፈር ናሙና አወሳሰዱን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ሆኖ ያሳያቸው፤ ናሙናው የሚወሰደው አዝመራው ከተነሣ በኋላ ነውና። ከማሳው በዚግዛግ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይቆፈራል፤ በንጹሕ ባልዲ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ያህል ይያዛል። ፍግ ከተከመረበት፣ አመድ ከፈሰሰበትና ከዛፍ ሥር አይወሰድም። የማዳበሪያ ከረጢትም ለናሙና መያዣ አይሆንም፤ ውጤቱን ያዛባል።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በገጠር ተሰማርተው ነበር። ብዙዎቹ ለሄዱበት መንደር እንግዳ፣ የመጡትም ታዘው ነው። የዛሬው የክረምት ተማሪ የማንን ማሳ የቱ ወንዝ እንደሚያዋስነው ከልጅነቱ ያውቃል።

አንዳንድ አባት ግን «እጁ ለብዕር ነው» እያለ ልጁን ከአረም ያስቀረዋል። ይህ እንኳ አይመስለኝም። ጓደኞቹ በደቦ ጤፍ ሲያርሙ እርሱ ጥላ ሥር ከተቀመጠ በሚቀጥለው ክረምት ለመምጣት ምክንያቱ ይጠፋዋል።

የዩሪያው ምክር ግምት እንደነበረ ለአባቴ የነገርኩት በዚያው በሦስተኛ ዓመቴ ክረምት፣ ጤፍ ስናርም ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ያኔ አላውቅም ብትለኝ በጉ ይተርፍልኝ ነበር» አለ። ከዚያ የትኛው ማሳ መጀመሪያ እንደሚመረመር ስንከራከር መሸ። እርሱ ያለው የላይኛው ማሳ ሆነ፤ ናሙናውንም በታኅሣሥ ታናሽ ወንድሜ ይዞት ሄደ።