የቤተሰብን ገመና የሚሰማው ማን ነው? የቴራፒስቶች ፈቃድ ታሪክ በአሜሪካ

በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለትዳርና ቤተሰብ ቴራፒስቶች በቀጥታ መክፈል የጀመረው በጥር 2024 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የሙያው ማኅበር ግን የተመሠረተው ሜዲኬር ራሱ ከመፈጠሩ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር። ሙያው ይህን ያህል ዘመን ደጅ የጠናው ለምንድን ነው?

በ1930ዎቹ የትዳር ምክር ይሰጡ የነበሩት ሐኪሞች፣ ቀሳውስት፣ መምህራንና ማኅበራዊ ሠራተኞች ነበሩ፤ ምክሩ ለአብዛኞቹ የጎን ሥራ ነበር። በ1942 የሙያው ማኅበር «የአሜሪካ የትዳር አማካሪዎች ማኅበር» ተብሎ ተቋቋመ። ማኅበሩ ለአባላቱ መስፈርት ቢያወጣም አባል ባልሆነው ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ያልተማረም ቢሆን «የትዳር አማካሪ ነኝ» ብሎ ቢሮ ከፍቶ ማስከፈል ይችል ነበር። ባለጉዳዩ ቢጎዳ አቤት የሚልበት ቦርድ አልነበረም።

ይህን ክፍተት በሕግ በመድፈን ካሊፎርኒያ በ1963 ቀደመች። ሆኖም በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት ግዛቶች እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ስላልሆነ፣ ትግሉ በየግዛቱ ምክር ቤት እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነበረበት። የቴራፒስቶቹ መከራከሪያ የመጣው የቤተሰብ ቴራፒ ፈር ቀዳጆቹ መሬይ ቦወን፣ ቨርጂኒያ ሳቲርና ሳልቫዶር ሚኑቺን ካዳበሩት አስተሳሰብ ነው፦ የአንድን ሰው ጭንቀት ከቤተሰቡ ግንኙነት ነጥሎ ማየት አይበቃም፤ ስለዚህ ሥራው የራሱ ትምህርትና የራሱ ፈቃድ ይሻል። በ1978 የፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት ፕሮግራሞቻቸውን ለሚመዝነው አካል እውቅና ሰጠ። የመጨረሻዋ ግዛት ሞንታና የፈቃድ ሕግ ያወጣችው ግን በ2009 ነው።

ፈቃድ ማግኘቱ ብቻውን አልበቃም። በቴክሳስ የሐኪሞች ማኅበር ቴራፒስቶች የአእምሮ ሕመምን ለይተው መሰየም አይችሉም ብሎ ከሰሰ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ለቴራፒስቶቹ ፈረደ። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም፤ የመድን ድርጅቶች የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ተለይቶ ሲመዘገብ ነውና። ኮንግረስ ሜዲኬርን የከፈተላቸው ደግሞ በ2022 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ ነው፤ ያም ቢሆን ክፍያቸው ለሳይኮሎጂስት ከሚከፈለው 75 በመቶ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለባለሙያዎች ክብርና ጥቅም ብቻ የተደረገ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌን አገር ያውቀዋል፤ ቢያዳላ መንደሩ ይታዘበዋል። በር ዘግቶ የቤተሰብን ገመና የሚሰማ ባዳ ግን በመንደር ትዝብት አይያዝም፤ ተጠያቂ የሚያደርገው ሕግ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት የማስተርስ ትምህርት፣ በተቆጣጣሪ ሥር የተሠራ ልምምድ (በካሊፎርኒያ 3,000 ሰዓት) እና ፈተና ያስፈልጋሉ፤ ባለሙያው ካጠፋም ፈቃዱን የሚነጥቅ ቦርድ አለ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ ትዳራችሁን ወይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቴራፒስት ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን በግዛታችሁ የፈቃድ ቦርድ መዝገብ ፈልጉ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ያሳያችኋል። ወላጆቻችሁ ሜዲኬር ካላቸውም፣ ቴራፒስቱ ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁላቸው።