ሰባት ዙር በሠረገላ

ሮም የደረሰ ጎብኚ እግሩ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ኮሎሲየም ነው። ረጅም ሰልፍ ይሰለፋል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ ግላዲያተሮች የተጋደሉበትን ግንብ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ከዚያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በፓላቲን እና በአቬንቲን ኮረብታዎች መካከል የተዘረጋውን ሣር የለበሰ ሸለቆ ግን አብዛኛው ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ይህ ቸልታ ያሳዝናል። የጥንቱን የሮም ሰው ልብ ሰቅሎ የያዘው ከግላዲያተሩ ይልቅ በዚህ ሸለቆ ሲከንፍ የነበረው ሠረገላ ነውና። ሸለቆው ሰርከስ ማክሲመስ ይባላል።

ኮሎሲየም 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር። ሰርከስ ማክሲመስ ግን በትንሹ ሲገመት 150 ሺህ ሰው ያስተናግድ ነበር፤ ሮማዊው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒ እንዲያውም 250 ሺህ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. የ354 የሮም ቀን መቁጠሪያ በዓመት 177 የትርኢት ቀናት ይዘረዝራል። ከነዚህ 101 የቲያትር፣ 66 የሠረገላ ናቸው፤ ለግላዲያተሮች የደረሳቸው 10 ቀን ብቻ ነው። ስለ ሮም ሲወራ ሰይፍና ደም ብቻ የሚቀናቸው አስጎብኚዎችና የፊልም ሰዎች ይህን ቀን መቁጠሪያ አንድ ጊዜ ቢያገላብጡት መልካም ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ስፍራው ባዕድ አይደለም። በሙሶሊኒ ዘመን የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 የተተከለው ከዚሁ ሜዳ ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። በ2003 ተነቅሎ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። አበበ ቢቂላም በ1960 የሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሐውልቱን አልፎ ነው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ማራቶኑን ያሸነፈው። ሐውልት ከአፍሪካ አግዞ በዚህ ሜዳ መትከል ደግሞ የቆየ የቄሣሮች ልማድ ነበር። አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ገደማ አንድ የግብፅ ሐውልት አስመጥቶ በሜዳው መካከል አቆመ፤ ዳግማዊ ቆንስጣንጢዮስ በ357 ሌላ ጨመረበት። ሁለቱም ዛሬ በሮም አደባባዮች ላይ ናቸው፤ ወደ ግብፅ አልተመለሱም።

የሠረገላ ውድድሩ ሥርዓት ቀላል ነው። ሜዳው ከ600 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሠረገሎቹ በ12 በሮች ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባለሥልጣኑ ነጭ ጨርቅ ሲጥል በሮቹ ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ። በመካከለኛው ግንብ ዙሪያ ሰባት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ወደ ግራ፣ ይዞራሉ። ዙሩ የሚቆጠረው በእንቁላልና በዶልፊን ቅርጾች ነው። ቡድኖቹ አራት ሲሆኑ መለያቸው ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። በአንድ ቀን እስከ 24 ውድድር ይካሄዳል።

አሁን ወደ ሠረገላው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው «ቤን ሐር» 11 ኦስካር የወሰደ ድንቅ ፊልም ነው። የሠረገላው ትዕይንት ግን የትውልድን ሁሉ ዓይን አሳስቷል። በፊልሙ ላይ የሚታዩት ሠረገሎች ግዙፍና ያጌጡ ናቸው፤ የአንዱ መንኰራኵር ተቃራኒን የሚበጣጥስ ስለት እንኳ አለው፤ ነጂዎቹም ዛቡን በእጃቸው ጨብጠው ይነዳሉ። እንዲህ ያለ ከባድ ሠረገላ ለድል ሰልፍ እንጂ ለእሽቅድድም አይሆንም። የእሽቅድድሙ ሠረገላ ከእንጨትና ከቆዳ ጠፍር የተሠራ፣ እንደ ወንፊት የቀለለ ነገር ነበር። ነጂው የሚቆምባት ቦታ ሁለት እግር ብታስገባ ነው። ስለት የሚባል ነገርም አልነበረም።

ትልቁ ምሥጢር ያለው ዛቡ ላይ ነው። የግሪክ ነጂዎች ዛቡን በእጃቸው ይይዙ ነበር፤ የሮም ነጂ ግን የአራቱን ፈረሶች ዛብ ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል። አራት የሚጋልቡ ፈረሶችን በክንድ ጉልበት ብቻ መግታት ከባድ ስለሆነ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ይጠቀማል፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ፈረሶቹ ይገታሉ፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል ይታጠፋሉ። ግራ እጁ ዛቡን ያስተካክላል፣ ቀኝ እጁ አለንጋ ይይዛል። ከአራቱ ፈረሶች ቀንበር የሚሸከሙት መካከለኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት በጠፍር ብቻ ይያያዛሉ። ሠረገላው ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ የግራው ዳር ፈረስ የሁሉም ተስፋ ነው። የመካከለኛውን ግንብ ጫፍ ታክኮ መዞር ያለበት እሱ ነውና። ትንሽ ከሰፋ ተቀናቃኝ በውስጥ በኩል ሾልኮ ያልፋል፤ ትንሽ ከጠበበ መንኰራኵሩ ከግንቡ ይላተማል። ሕዝቡ የፈረሶቹን ስም እንደ ነጂዎቹ ስም በቃሉ ያውቅ ነበር። አልጄሪያ ውስጥ በተገኘ አንድ የመታጠቢያ ቤት ሞዛይክ ላይ ፖሊዶክሰስ የተባለ ፈረስ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እንደሚወደድ ተጽፎለታል።

ዛብ ወገቡ ላይ ያሰረ ሰው ግን ከወደቀ በገዛ ፈረሶቹ ይጎተታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጂ ቆልማማ ቢላ ከመታጠቂያው ሥር ይሸጉጥ ነበር። ሠረገላው ሲገለበጥ፣ አቧራው ዓይኑን ሞልቶት፣ ከኋላ የሚመጡት ሳይረግጡት ዛቡን መበጠስ አለበት። ከዚህ የተረፈው ሰው ቁስሉ በዱር አሳማ ፋንድያ ይታከም እንደነበር ሽማግሌው ፕሊኒ ጽፏል፤ ደርቆ ወይም በኮምጣጤ ተፈልቶ ይቀባል። ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እንኳ እንደ እውነተኛ ሠረገላ ነጂ ለመቆጠር የፋንድያውን አመድ በውኃ በጥብጦ ይጠጣ ነበር ይባላል።

ነጂዎቹ ባብዛኛው ባሪያዎች ወይም ነፃ የወጡ ባሪያዎች ነበሩ፤ ዝናቸው ግን ከሴናተሮች ይበልጥ ነበር። በዛሬዋ ፖርቱጋል አካባቢ የተወለደው ጋይዮስ አፑሌዮስ ዲዮክሌስ ለ24 ዓመታት ነድቶ፣ 4,257 ጊዜ ተወዳድሮ፣ 1,462 ጊዜ እንዳሸነፈ መታሰቢያ ድንጋዩ ይናገራል። የሽልማቱ ድምር 35,863,120 ሴስተርቲ ነው። በዘመኑ አንድ የጦር ሠራዊት እግረኛ በዓመት 1,200 ሴስተርቲ ይከፈለው ስለነበር፣ ይህ ገንዘብ ወደ 30 ሺህ ለሚጠጉ ወታደሮች የዓመት ደመወዝ ይበቃል። ዲዮክሌስ በ42 ዓመቱ በሰላም ጡረታ ወጣ። የሰሜን አፍሪካው ክሬሰንስ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። ለሰማያዊው ቡድን የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ገና በ13 ዓመቱ ነበር፤ 47 ጊዜ አሸንፎ በ22 ዓመቱ ሞተ።

ደጋፊው ለቡድኑ ቀለም የማያደርገው አልነበረም። በካርቴጅና በሌሎች ከተሞች ከእርሳስ በተሠሩ ስስ ሉሆች ላይ የተጻፉ ድግምቶች ተገኝተዋል። ደጋፊዎች የተቀናቃኝን ፈረሶችና ነጂዎች ስም እየዘረዘሩ እግራቸው እንዲታሰር፣ ዓይናቸው እንዲጨልም አጋንንትን ይለምናሉ፤ ሉሁን ጠቅልለው መቃብር ውስጥ ይቀብሩታል። ታናሹ ፕሊኒ ሕዝቡ የሚወደው ነጂውን ሳይሆን ጨርቁን ነው ብሎ ተማርሯል። ነገሩን ማቃለሉ ግን ልክ አልነበረም። ሮማዊ ንጉሠ ነገሥቱን ፊት ለፊት የሚያገኘው፣ በአንድ ድምፅ ጮኾ አቤቱታውን የሚያሰማው በዚህ ሜዳ ነበር። በንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ዘመን ሕዝቡ በውድድር መካከል ግብር ይቀነስልን ብሎ ጮኸ፤ ካሊጉላ የጮኹትን አስይዞ እንዳስገደላቸው ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ መዝግቧል።

ከሁሉ የከፋው በምሥራቁ የሮም መንግሥት ዋና ከተማ በቁስጥንጥንያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ532 ዘወትር የሚጣሉት ሰማያዊና አረንጓዴ ቡድኖች ባንድነት በንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ላይ ተነሡ፤ የከተማው እኩሌታ ያህል ተቃጠለ። ሠራዊቱ በውድድሩ ሜዳ ውስጥ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። በሮም የመጨረሻውን ውድድር ያዘጋጀው ደግሞ ቄሣር እንኳ አልነበረም። ከተማዋን የያዘው የጎጥ ንጉሥ ቶቲላ ነው፣ በ549።

ውድድሩን በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ከፊልሙ ይልቅ ሲሲሊ ውስጥ ፒያሳ አርሜሪና ወደሚገኘው የቪላ ሮማና ዴል ካሳሌ ሞዛይክ ይሂድ። በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። አራቱ ቀለማት፣ መካከለኛው ግንብ ከነሐውልቱ፣ የሚጋጩት ሠረገሎች፣ ዛብ ወገባቸው ላይ የጠመጠሙት ነጂዎች ሁሉ በወለሉ ላይ ተሥለዋል።