ያልለመድነውን ድምፅ ጆሯችንን እንዴት እናለማምደው?

እስኪ አንድ ነገር ሞክሩ። በእንግሊዝኛ «በግ» እና «መርከብ» የሚባሉበትን ሁለት ቃላት በአማርኛ ፊደል ጻፏቸው። ብዙዎቻችሁ ሁለቱንም «ሺፕ» ብላችሁ ነው የምትጽፉት፣ አይደል? ለእንግሊዞች ግን ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። በራሳችን ከመሳቃችን በፊት ደግሞ «ጥል» እና «ትል»ን አማርኛ ለማያውቅ እንግሊዛዊ አሰሙት። እሱም በተራው ግራ ይገባዋል።

ችግሩ የምላስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የጆሮ፣ እንዲያውም የአእምሮ ነው። ጃኔት ወርከር እና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ከ6 እስከ 8 ወር የሆናቸው ሕፃናት እንግሊዝኛ ውስጥ የሌለ የሂንዲ የድምፅ ልዩነት ይለዩ ነበር። ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን አብዛኞቹ መለየት አቃታቸው። አእምሯችን በአካባቢው የማይሰማውን ልዩነት «አያስፈልገኝም» ብሎ ይተወዋል ማለት ነው።

ታዲያ ካደግን በኋላ አይመለስም? ይመለሳል። ጃፓኖች የእንግሊዝኛውን «ር» ከ«ል» መለየት ይቸግራቸዋል። ዴቪድ ፒሶኒ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1993 ባወጧቸው ጥናቶች፣ በብዙ ተናጋሪዎች ድምፅ የሠለጠኑት ጃፓናውያን ሰምተውት የማያውቁት ሰው ሲናገርም ልዩነቱን በተሻለ ሁኔታ ለዩ። በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሠለጠኑት ግን ሌላ ተናጋሪ ሲመጣባቸው ተቸገሩ።

አሁን ክፍላችሁን አስቡት። እንግሊዝኛ የምትሰሙት ከማን ነው? ብዙውን ጊዜ ከአንድ መምህር። እሳቸውም ተማሪ እያሉ የሰሙት እንደዚሁ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የጎደለው የድምፅ ብዛት ነው። ፖድካስት ይህንን ያመጣል፦ የሴት፣ የወንድ፣ የሕፃን፣ የናይጄሪያዊ፣ የስኮትላንዳዊ። ደግሞ እንደ ሬዲዮ አያመልጥም። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ያችኑ ዐረፍተ ነገር አሥር ጊዜ መስማት ትችላላችሁ።

«ዳታ አይጨርስም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥሩ ነው። የ10 ደቂቃ ቅጂ 600 ሰከንድ ስለሆነ 38,400 ኪሎቢት ይሆናል፤ ለ8 ስናካፍለው 4,800 ኪሎባይት፣ ማለትም 4.8 ሜጋባይት። በቴሌግራም ለመላክ ቀላል ነው።

«እንግዲያው ይበልጥ እናሳንሰው» ካላችሁ ግን (ኢንጂነር ነኝና እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይኸው ነበር) ወጥመድ አለ። ፋይሉ ከልክ በላይ ሲጨመቅ ቶሎ የሚቆረጡት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ነው፤ የ«ስ» ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው ያለው። በስልክ ስም ስትናገሩ «ስ ነው ያልከው ወይስ ፍ?» የምትባሉት ለዚህ ነው። እንግሊዞች ምላሳቸውን ጥርሳቸው መሃል አድርገው የሚያወጡት፣ እኛ ብዙ ጊዜ «ስ» የምናደርገው ድምፅም እዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ ፋይሉን ስናሳንስ ልንማረው የፈለግነውን ድምፅ ራሱን ቆርጠን ልንጥለው እንችላለን።

ለመምህራን ሌላም ጥቅም አለው። የራሳቸውን ትምህርት 10 ደቂቃ በስልክ ቀድተው ቢሰሙት፣ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ፣ ተማሪው ከመመለሱ በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ይታወቃቸዋል። መጀመሪያ «ይሄ የኔ ድምፅ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ስንናገር ድምፃችን በአጥንትም በኩል ወደ ጆሯችን ስለሚደርስ ለራሳችን ወፈር ብሎ ይሰማናል፤ ቅጂው ላይ ያ የለም። ቅጂውን ሌላ ትምህርት ቤት ላለ ባልደረባ ልኮ አስተያየት መቀበልም ይቻላል፤ ለሥልጠና ከተማ ድረስ መጓዝ ሳያስፈልግ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጃፓናውያኑ ዝም ብለው አልሰሙም፤ ለእያንዳንዱ መልሳቸው «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ይባሉ ነበር። ልብስ እያጠቡ ከጀርባ የሚከፈት ፖድካስት ይህን አያደርግም። ጽሑፉ አብሮ ያለው ፖድካስት ፈልጉ፣ አንድ ደቂቃ ስሙና አቁሙት፣ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። የተሳሳታችሁበትን ቃል ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ፈልጋችሁ ስሙት።