የጥጃ ጨጓራ በድርቆሽ ይጎለምሳል

ዛሬ በተቅማጥ የሞተ ጥጃ የነገ የእርሻ በሬ ነበር።

ጥጃ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ እየተባለ መከልከል የለበትም፤ 24 ሰዓት ካለፈ በእንገሩ ያለውን በሽታ ተከላካይ ኃይል አንጀቱ ወደ ደሙ አያሳልፍም።

ሣር የሚፈጨው ትልቁ ጨጓራ ገና ያልዳበረ ስለሆነ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽ፣ ጥቂት የተከካ እህልና ንጹሕ ውኃ ይቅረብለት። እህሉ የጨጓራውን የውስጥ ግድግዳ ሲያዳብር፣ የድርቆሹ አሰር ጡንቻውን ያጠነክራል። ጭድ ብቻ የሚበላ ጥጃ ግን ሆዱ ይቆዘራል እንጂ አያድግም።

ቢያስቀምጠው ወተቱ ሳይቋረጥ ለጥጃ የተዘጋጀ የግሉኮስና የጨው ድብልቅ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ማሳወቅ ይገባል።

የማኅበር መሪዎችም ሣሩ ማበብ ሲጀምር የታጨደው ድርቆሽ ለጥጆች ተለይቶ እንዲቀመጥ አባሎቻቸውን ከወዲሁ ያሳስቡ።