የተራበ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲሟገት

ኒሻፑር በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ በኾራሳን ምድር የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። አንድ ጊዜ ጽኑ ረሃብ ገባባት። በኋላ አንድ ሰው አንዱን እብድ ያገኝና ከፈጣሪ ስሞች ሁሉ የሚበልጠውን ታውቀው እንደሆነ ንገረኝ ይለዋል። እብዱ አውቀዋለሁ፣ ግን በአደባባይ አይነገርም ብሎ፣ ስሙ ዳቦ ነው ሲል ይመልሳል። ጠያቂው በድፍረቱ ይቆጣል። እብዱ ግን ምክንያት አለው፤ በረሃቡ ጊዜ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ከተማዋን ሲዞር አንድም አዛን አልሰማም፣ በሩ የተከፈተ መስጊድም አላየም። ታላቁ ስም የትኛው እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህን የጻፈው ሃይማኖትን ሊነቅፍ የተነሳ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጸሐፊው ፈሪዱዲን አጣር ነው፤ በእስልምና ውስጥ ወደ ፈጣሪ በፍቅር መንገድ ከሚጓዙት ሱፊዎች ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ዝነኛው ሱፊ ገጣሚ ሩሚ እንኳ እንደ መሪው ያከበረው። የኖረው ከ12ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ መተዳደሪያው መድኃኒትና ሽቶ መሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1221 ሞንጎሎች ኒሻፑርን ሲያወድሙ እንደተገደለ ይነገራል። የታመመ፣ የደኸየ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ይመጣል፤ አጣር የሰውን ችግር ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም።

የፋርስ ሥነ ጽሑፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን ጽጌረዳውን፣ ወይኑንና ቡልቡል የተባለችውን ወፍ ዜማ እናስባለን። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የሆድ ችግርና የነፍስ ጥያቄ ተለያይተው አያውቁም። የድሃው እሮሮ እንደ ክህደት አይቆጠርም፤ ከጸሎት ሁሉ እውነተኛው ጸሎት ሆኖ ይቀርባል።

የእብዱ ታሪክ የሚገኘው «ሙሲባት ናማ» በሚባለው በአጣር የመከራ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አንድ መንገደኛ የጭንቀቱን መድኃኒት ፍለጋ አርባ ፍጥረታትን እየዞረ ይጠይቃል። ቁጥሩ ሱፊዎች ከሰው ተለይተው ከሚገቡበት የአርባ ቀን ሱባዔ ጋር የሚገጥም ነው። መላእክትን ይጠይቃል፤ ፀሐይን፣ ባሕርን፣ ተራራን፣ ሰይጣንን፣ ነቢያትን ይጠይቃል። ያገኘው መልስ ይገርማል፤ ሁሉም የየራሱን ሕመም ይነግረዋል። ፀሐይዋም ተጨንቃለች፣ ባሕሩም ተጠምቷል። መንገደኛው ፍለጋውን የሚጨርሰው ወደ ገዛ ነፍሱ ሲመለስ ነው።

በዚህ ትልቅ ጉዞ መካከል ደግሞ አጣር አጫጭር ታሪኮችን ያስገባል፤ በእነዚህ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት እብዶች ናቸው። «የወፎች ጉባኤ» በሚባለው ዝነኛ መጽሐፉ ውስጥም አሉ። ከእነሱ አንዱ ራቁቱንና ባዶ ሆዱን የሚንከራተት የኾራሳን ሰው ነው። አንድ ቀን ወርቅ የታጠቁ፣ ያማረ የለበሱ ወጣቶች ሲያልፉ አይቶ እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። የአገረ ገዥው ባሪያዎች ናቸው ይሉታል። ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ያይና፣ ባሪያ እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ ሹም ተማር ብሎ ለፈጣሪው ይናገራል። ሌላው ፈጣሪውን ልብስ ለምኖ ብዙ ቀን ከቆየ በኋላ የተጣጣፈ ቡትቶ ይደርሰዋል። ይህን ሁሉ ጨርቅ እየለቀምክ የሰፋኸው በግምጃ ቤትህ ያለው ልብስ ተቃጥሎብህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ለምን እብድ? በእስልምና ሕግ አእምሮው የታወከ ሰው በንግግሩ አይጠየቅም። ጤነኛው ቢናገረው የሚያስቀጣውን እብዱ በነፃነት ይናገረዋል። አጣር ግን ይህን መሸሸጊያ ብቻ አላደረገውም። እብዶቹ ለፈጣሪ ከሁሉ የቀረቡ ናቸው፤ እንደ ቤተኛ ይቆጣሉ፣ እንደ ቤተኛ ያኮርፋሉ። ከእሱ ሌላ አቤት የሚሉበት ደጅ የላቸውም። ጀርመናዊው ሊቅ ሄልሙት ሪተር እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ አጣር ባሳተመው ትልቅ ጥናቱ ለእነዚህ ሙግተኛ እብዶች ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸዋል።

የኢራን ዝርያ ያለው ጀርመናዊ ደራሲ ናቪድ ከርማኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 አጣርን ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር አነጻጽሮ ጽፏል። ንጽጽሩ ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ ነው። ኢዮብን የሚያጽናኑ መስለው የመጡት ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆሙ፤ በመጨረሻ የተወቀሱት ግን እነሱ ናቸው እንጂ አቤት ያለው ኢዮብ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለቱ መጻሕፍት ይገናኛሉ። ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይልቅ ይከብደኛል። ኢዮብ ባለጠጋ ነበር፤ ያጣውም እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። የአጣር እብድ መጀመሪያም ምንም አልነበረውም፤ የሚመለስለትም የለም። ቡትቶውን ለብሶ፣ ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ሰባት መቶ ዓመት ልዝለል። ኢራናዊው ደራሲ ጎላም ሆሴን ሳዔዲ እ.ኤ.አ. በ1936 በታብሪዝ ተወለደ። የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ በደቡብ ቴህራን ድሆች ሰፈር ሕሙማንን እያከመ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው «የባያል ሐዘንተኞች» ውስጥ በአንዲት ድሃ መንደር ላይ የተጻፉ ስምንት የተያያዙ ታሪኮች አሉ። አራተኛው የመሽዲ ሐሰን ነው። መሽዲ የሚባለው በመሽሐድ ከተማ ያለውን የኢማም ሬዛን መካነ መቃብር የተሳለመ ሰው ነው። ሐሰን እንግዲህ ተሳላሚ ነው፤ ያለው ሀብት ግን አንዲት ላም ናት።

እሱ መንገድ በሄደበት ላሟ ትሞታለች። ጎረቤቶቹ ልቡ እንዳይሰበር ብለው ሬሳዋን ጉድጓድ ይጥሉና ጠፍታለች ይሉታል። ሐሰን አያምንም። በረት ይገባል፣ ድርቆሽ ይበላል፣ ውሎ አድሮ እኔ ሐሰን አይደለሁም፣ የሐሰን ላም ነኝ ይላል። ያዘኑለት ሰዎች በመጨረሻ እንደ ከብት አስረው ወደ ከተማ ሐኪም ይጎትቱታል። የሚያሳምመኝ ይህ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ ክፉ ሰው የለም።

ይህን ከሩሚ ጋር አስተያዩት። «መስነቪ» በሚባለው የግጥም መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው የወዳጁን በር ያንኳኳል፤ ማነው ሲባል እኔ ነኝ ይላል፤ አይከፈትለትም። ዓመት ሙሉ በናፍቆት ተቃጥሎ ይመለሳል። ዳግመኛ ሲጠየቅ አንተው ነህ ብሎ ይመልሳል፤ በሩም ይከፈታል። ሱፊው የሚመኘው ይህን ነው፤ እኔነቱ ጠፍቶ በሚወደው ውስጥ መቅለጥ። መሽዲ ሐሰንም ያንኑ መንገድ ሄዷል፤ እኔነቱን ትቶ የሚወዳትን ሆኗል። ለድሃው ግን የቀረበችለት አንዲት ላም ብቻ ነበረች። በእኔ አስተያየት ሳዔዲ ሱፊዎቹን እየነቀፈ አይደለም፤ ድህነት የሰውን ትልቁን ናፍቆት ወዴት እንደሚያወርደው እያሳየ ነው።

ሩስያዊው ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «ካፖርት» ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። ድሃው ጸሐፊ አካኪ አካኪየቪች ለአዲስ ካፖርት ገንዘብ ለማጠራቀም ማታ ማታ ጦሙን ያድራል፤ የካፖርቱ ሐሳብ መንፈሳዊ ምግብ ይሆነዋል። ካፖርቱ ሲሰረቅ እሱም ይሞታል። ጎጎል ግን በመጨረሻ ሟቹን መንፈስ አድርጎ ያስነሳውና የባለሥልጣኑን ካፖርት ያስገፍፈዋል። ለሐሰን ይህ ትንሽ ፍትሕ እንኳ አልተሰጠውም።

የሐሰንን ታሪክ ኢራናዊው የፊልም ዳይሬክተር ዳሪዩሽ መህርጁይ እ.ኤ.አ. በ1969 «ላም» በሚል ርዕስ ወደ ፊልም ለወጠው። የኢራን ንጉሥ የሻህ መንግሥት የአገሪቱን ድህነት ማየት ስላልወደደ አገደው፤ ቅጂው በድብቅ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1971 በቬኒስ የሐያስያንን ሽልማት አገኘ። ሳዔዲ በሻህ የጸጥታ ኃይሎች ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ሻህን ከጣለው አብዮትም በኋላ አገሩ አልተመቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በስደት ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

በዚያው ፊልም ትንሽ ሚና የተጫወተ አንድ ወጣት ነበር፤ ማህሙድ ዶውላታባዲ። ከሰብዜቫር አጠገብ ካለ የኾራሳን መንደር የወጣ፣ ገና በልጅነቱ በእጁ ሠርቶ ያደረ ሰው ነው። «የሶሉች ባዶ ቦታ» የተባለ ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። መርጋን የምትባል እናት ማለዳ ስትነሳ ባሏ የለም፤ ቸግሮት ጥሏት ጠፍቷል። ከሦስት ልጆች ጋር፣ መሬቱ ከድሃው እጅ እየወጣ ባለበት መንደር ብቻዋን ትቀራለች። የአጣር እብድ የሚሟገተው አካል ነበረው፤ መርጋን ግን ለሙግት ጊዜ የላትም፤ ልጆቿን ማብላት አለባት። ከሁሉ የሚከብደኝ ዝምታ የእሷ ነው።

ጓጉታችሁ ከሆነ በ«ላም» ጀምሩ፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከዚያ «የወፎች ጉባኤ»ን በምታነቡት ቋንቋ ፈልጉና የእብዶቹን ታሪኮች እየመረጣችሁ አንብቡ። «የሶሉች ባዶ ቦታ»ን ግን ጊዜ ሲኖራችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ አንብቡት፤ ብቻን የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም።